የውድድር ዕቃ በሐረጎ መንገድ፦ የአንዲት ዲኤክስ የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት፣ መጀመሪያው ሳምንት

ዛሬ ካርቶኖቹን ከፈትን። መኪናዋ ነጭ ኮሮላ ዲኤክስ ናት፤ 4ኬ ሞተር፣ 1290 ሲሲ፣ ባለ አንድ ካርቡራቶር። ቴስታታዋ (የሞተሩ ራስ) ተነሥቶ አያውቅም ይላል ባለቤቱ፤ የብሎኖቹ ጭንቅላት ግን ቁልፍ እንዳረፈባቸው ያሳብቃል። ባለቤቷ ወጣት ልጅ ነው፤ ደሴ ይኖራል፣ ኮምቦልቻ ይሠራል። ጠዋት በሁለቱ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል፣ ማታ ይወጣል። ደቡብ አፍሪካ ያለው ወንድሙ የውድድር ኮሮላውን ሲያፈርስ የተረፈውን ሁሉ ልኮለታል።

«ጋሼ፣ ሁሉንም ይግጠሙልኝ» አለኝ። ያልኩት «መጀመሪያ ልየው» ብቻ ነው።

ከካርቶኖቹ የወጣው ይህ ነው፤ የፊት ፍሬን ሸራ ከነማሸጊያው፣ በሽቦ ሹራብ የተሸፈኑ የፍሬን ቱቦዎች፣ የውድድር የፍሬን ዘይት፣ የውድድር ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ)፣ ሁለት ባለ 40 ዌበር የሚባሉ የውድድር ካርቡራቶሮች ከአየር መሳቢያ ጥሩምባቸው ጋር፣ የቀለለ ቮላኖ (ከሞተሩ ጋር የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ከሴራሚክ ፍሪሲዮን ጋር፣ ተበይዶ የተቆለፈ ዲፈረንሻል፣ አጫጭር ሞላዎች፣ በላስቲክ ቡኮላ ምትክ የሚገቡ የብረት ሉል ኩሽኔታዎች፣ የአሉሚኒየም ራዲያተር፣ ውስጡ በግድግዳ የተከፋፈለ ኮፓ (የሞተር ዘይት መያዣ)፣ አራት ጎማ፣ ባለ አራት ማሰሪያ ቀበቶ፣ እስከ ጫፉ ባዶ የሆነ የጭስ ማውጫ ከነባለ አራት ቱቦ ማሰባሰቢያው። በአብዛኞቹ ላይ ለውድድር ብቻ የሚል ተለጥፏል። ልጁ ይህን እንደ ማዕረግ ነው ያነበበው። ለእኔ ግን ሠሪው ዕቃውን ለአስፋልት እንዳልፈተነው የሚናገር ማስታወቂያ ነው። አውሮፓ ውስጥ ለመንገድ መኪና የሚሸጥ ምትክ የፍሬን ሸራ በተባበሩት መንግሥታት ደንብ ቁጥር 90 መሠረት ከፋብሪካው ሸራ ጋር ተነጻጽሮ ይፈተናል፤ ሲያልፍም ጀርባው ላይ በክብ ውስጥ የ«ኢ» ምልክት ይታተምበታል። ይህ ሸራ ያ ምልክት የለውም።

ለእያንዳንዱ ዕቃ የማቀርበው ጥያቄ አንድ ነው። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ፣ የጦሳ ብርድ ገና ሳይለቅ፣ ማንም ሳያሞቀው ይሠራል ወይ? የውድድር መኪና የማሞቂያ ዙር አላት፣ ከውድድሩ በኋላ ፈትቶ የሚያያት መካኒክ አላት። ይህች ዲኤክስ ያላት ልጁና እኔ ነን፤ ልጁ ደግሞ ሥራ ይረፍድበታል።

በዚያው ሳምንት

ቀላሉን ልጨርስ። ጎማዎቹ ጥርስ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ ጥቂት ቦይ ብቻ ተስሎባቸዋል። ላስቲካቸው የሚይዘው ሲግል ነው፤ ሐምሌ ላይ ጭጋጉ ወርዶ አስፋልቱ ሲረጥብ ውሃውን የሚያስወጣበት መንገድ የለውም። በጎናቸው የታተመውን ቁጥር ለልጁ አሳየሁት፤ ከአራቱ አሃዞች የፊተኞቹ ሁለቱ የተሠሩበትን ሳምንት፣ የኋለኞቹ ዓመቱን ይናገራሉ። ሲቆጥረው ከእርሱ መንጃ ፈቃድ ይበልጣሉ። አልገጠምኩም።

ቀበቶውም አይገባም። ባለ አራት ማሰሪያው ቀበቶ የተሠራው ለውድድር ወንበር ነው። በፋብሪካው ወንበር ላይ ሲታሰር የትከሻው ማሰሪያ የወገቡን ወደ ላይ ይስበዋል፤ በግጭት ጊዜ ሰውየው ከሥሩ ይንሸራተትና ጭነቱ በዳሌ አጥንት ፈንታ በሆድ ላይ ያርፋል። የትከሻው ማሰሪያ ከኋላ ወለል ላይ ከታሰረ ደግሞ አከርካሪን ወደ ታች ይጫናል። በዚያ ላይ የዓለም አቀፉ የአውቶሞቢል ፌዴሬሽን ለእነዚህ ቀበቶዎች የአምስት ዓመት ዕድሜ ነው የሚሰጣቸው፤ የዚህኛው ካለፈ ቆይቷል። የፋብሪካውን ቀበቶ አጥቤ፣ መቆለፊያውን ፈትሼ መለስኩት።

ስለተበየደው ዲፈረንሻል ብዙ መናገር አያስፈልግም። ሁለቱን የኋላ ጎማዎች እኩል ያሽከረክራል፤ በሐረጎ ጥምዝ ላይ ግን የውስጠኛው ጎማ ከውጭኛው ያነሰ መንገድ ነው የሚሄደው። ልዩነቱን ጎማው እየተፋቀ፣ አክስሉ እየተጠመዘዘ ይከፍለዋል። እርጥብ ላይ ደግሞ መሪውን ብታዞርም መኪናዋ ቀጥ ብላ መሄድ ትፈልጋለች። ለሚንሸራተት ውድድር ነው የተሠራው። እኛ መንሸራተት አንፈልግም፤ ከጥምዙ ማዶ ተሳቢ እየወጣ ነው።

ጥቅምት አጋማሽ፣ ፍሬን

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ፤ የዚህ ሥራ ዋናው ነገር ይኸው ነውና።

ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ከእርሷ ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች፤ ያንን ሁሉ የምንወርደው በ25 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። ከነሰው አንድ ቶን የምትሆን መኪና 600 ሜትር ስትወርድ የምትለቀው ኃይል ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ደሴ ላይ እስከሚፈላ ድረስ ያሞቃል። ሙቀቱ አንድ ቦታ መሄድ አለበት፤ ንፋስ ይወስዳል፣ ሞተር ይወስዳል፣ የቀረውን ፍሬን ይውጠዋል። ልጁ ይህን ስነግረው «እንግዲያው የውድድር ሸራ ያስፈልገኛል ማለት ነው፤ እርሱ ሙቀት ይችላል» አለ። ክርክሩ ሲሰሙት ትክክል ይመስላል።

ሙቀት መቻሉን አልክድም። ጉዳዩ ሙቀት መፈለጉ ነው። የመንገድ ሸራ ሲቀዘቅዝም ይይዛል፤ ሲግል ደግሞ ከልኩ ካለፈ መያዙ ይደክማል። የውድድሩ ተቃራኒ ነው፤ ሲግል ይነክሳል፣ ሲቀዘቅዝ ዲስኩ ላይ እንደ ድንጋይ ይንሸራተታል።

ሙከራውን ሐረጎ ላይ ማድረግ ዕብደት ስለሆነ በድሮው ሸራ ወርደን፣ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ ሰው የማይበዛበት ቀጥ ያለ መንገድ ፈልገን፣ እዚያው ክሪክ ላይ አንሥቼ ቀየርኩ። መጀመሪያ በድሮው ሸራ ከ50 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ቆመን ቦታውን በጠመኔ አሰመርኩ። ከዚያ የውድድሩን ሸራ እንደ ደንቡ ካለማመድኩት በኋላ ዲስኩ እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ሻይ ጠጣን። ሲቀዘቅዝ ልጁ ራሱ ነዳ። ፔዳሉ ደረቅ ነው፣ እግር የሚያርፍበት ጠንካራ ነገር አለ፣ መኪናዋ ግን አትቆምም፤ ከመስመሩ አንድ ሙሉ የመኪና ርዝመት አልፋ ቆመች። ልጁ ዝም አለ። ደጋግመን በኃይል እየያዝን ካሞቅነው በኋላ፣ የሙቀት መለኪያው ዲስኩ ላይ ከ250 ዲግሪ በላይ ሲያሳይ፣ ከመስመሩ በፊት ቀጥ አለች። ፊቱ በራ። እንደገና አቀዘቀዝነው፣ እንደገና መስመሩን አለፈች።

ጋራዣችን ደጃፍ የሚቀመጡ፣ ዕድሜያቸውን በጭነት መኪና የአሰብን መንገድ የተመላለሱ አዛውንት አሉ። ሐጂ እያልን ነው የምንጠራቸው። ነገሩን ሲሰሙ «ልጄ፣ ሐረጎ በማርሽ ነው የሚወረደው። ፍሬኑን ለበጓ ተውላት» አሉት። ልክ ናቸው፤ ንግግራቸው ግን የውድድሩን ሸራ ጨርሶ የሚጥለው ነው። በሁለተኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እየያዘለት፣ በጥንቃቄ የሚወርድ ሹፌር ፍሬኑ ቀዝቃዛ ነው። በጓ ድንገት ስትገባ የሚረግጠው ያንን ቀዝቃዛ ፍሬን ነው። ሸራው የሚሠራው ሳያቋርጥ ፍሬን እያቃጠለ ለሚወርድ ሰው ነው፤ ጥሩውን ሹፌር ቀጥቶ መጥፎውን የሚሸልም ዕቃ በመንገድ መኪና ላይ ምን ያደርጋል?

ዲስኩንም አየሁት። በዚያች አጭር ሙከራ ፊቱ ላይ ጥፍር የሚይዝ ቀጭን ክብ ጭረት ወጥቷል። ጩኸቱን አልጽፈውም።

ውሳኔ፦ የውድድሩ ሸራ ወጣ። የ«ኢ» ምልክት ያለው የመንገድ ሸራ ገባ፤ ዲስኮቹ ቶርኖ ቤት ተላጡ፣ የኋላ ታምቡሮቹ ተከፍተው ጸዱ።

የፍሬን ዘይቱን በተመለከተ ከካርቶኑ የወጣው የውድድር ዘይት ሲከፈት ከ300 ዲግሪ በላይ ይፈላል ይላል። ደረጃውን የጠበቀ ዶት 4 አዲስ ሲሆን ቢያንስ 230፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ቢያንስ 155 ነው። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ውሃ ይስባል፤ የውድድር ቡድን ደግሞ በየውድድሩ ይቀይረዋል። በዓመት አንዴ እንኳ መቀየር ለሚረሳ ሰው ዶት 4 ይበቃዋል። የቀየርኩበትን ወር ኮፈኑ ውስጥ በፕላስተር ለጥፌዋለሁ።

የሽቦ ቱቦዎቹን ግን ተቀብያለሁ። ፔዳሉን ያጠብቁታል፣ በቅዝቃዜም በሙቀትም ያው ናቸው። ችግራቸው ሁለት ነው፤ ሽቦው የነካውን ሁሉ እንደ ሞረድ ይበላል፣ ውስጡ ያለው ቱቦ ሲያረጅም ከውጭ አይታይም። መሪውን ከዳር እስከ ዳር አዙሬ፣ ጎማው ተንጠልጥሎም ክሪኩ ወርዶም፣ የትም እንደማይነኩ አይቼ በላስቲክ ማቀፊያ አሰርኳቸው።

ኅዳር መጀመሪያ፣ ካምሻፍትና ዌበር

ልጁ ልቡ ያለው እዚህ ነው። ዌበሮቹን ጨርቅ ላይ አስቀምጦ ሲወለውላቸው አገኘሁት። ያምራሉ፤ አልዋሽም።

ካምሻፍቱን በሰዓት መለኪያ ለካሁት። ከጉብታዎቹ ሁለቱ፣ የሁለተኛው ሲሊንደር የጭስ ማስወጫና የሦስተኛው የአየር ማስገቢያ፣ ጫፋቸው ተበልቷል፤ ከሌሎቹ አጠር ይላሉ፣ በጥፍር ስትዳብሳቸው ጠርዝ አላቸው። በጉብታዎቹ ላይ እያረፈ የሚገፋው ታፔት ደግሞ አልመጣም። 4ኬ ካምሻፍቱ ብሎክ ውስጥ ያለ፣ በዘንግ የሚገፋ ሞተር ነው፤ ታፔትና ጉብታ አብረው ተላምደው ነው የሚኖሩት። ባዕድ ታፔት የገጠምክ ዕለት አንዱ ሌላውን ይጨርሰዋል። ጉዳዩ በዚህ ብቻ ባለቀ ነበር።

ጤነኛ ቢሆንም ግን አልገጥመውም ነበር፤ ምክንያቱም አሁንም ፍሬን ነው። የውድድር ካም ቫልቮቹን ረጅም ጊዜ ከፍቶ ይይዛል፤ ከ5000 ዙር በላይ ኃይል ይሰጣል፣ ነዳጅ ሳይረገጥ በሚኒሞ ላይ ግን ሞተሩ ይንቀጠቀጣል፣ የሚስበው ቫኪዩምም ይደክማል። የፔዳሉን ግፊት የሚያግዘው የፍሬኑ ሰርቮ ደግሞ የሚኖረው በዚያ ቫኪዩም ነው። ሁለት ዌበር ሲገባ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ጉሮሮ ስለሚሆን፣ ሰርቮው ከአንዱ ብቻ ሲስብ የሚያገኘው የተቆራረጠ ትንፋሽ ነው። በዚህ ላይ ደሴ ራሷ አለች። እዚህ ያለው የአየር ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ያንሳል፤ ሰርቮ የሚገፋው በውጭው አየርና በውስጡ ቫኪዩም መካከል ባለው ልዩነት ስለሆነ ምንም ሳንነካው ከእርዳታው ሩብ ያህሉን አጥተናል። በደከመ ላይ ማድከም አይሆንም። ከመናኸሪያ ወጥቶ በሕዝብ መካከል በዝግታ የሚሄድ ሰው ፔዳሉን ደጋግሞ ሲረግጥ እንጨት ሆኖ ያገኘዋል።

ጥሩምባዎቹ ፊልትሮ የላቸውም። በጋውን የኮረኮንች አቧራ የሚውጥ ሞተር ቀለበቶቹ ምን ያህል እንደሚቆዩ የሚጠይቀኝ ካለ ጋራዥ ውስጥ የተፈቱ ፒስተኖች አሉኝ፤ መጥቶ ይይ።

ልጁ ከፋው። «እንግዲህ ኃይል ከየት ላምጣ?» አለ። ጥያቄው የሚገባ ነው። እንዲህ አደረግኩ። ቫልቮቹን በልካቸው አስተካከልኩ፣ ካንዴላ ቀየርኩ፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለውን ስፒንትሮጂኖ አጸዳሁ። የፋብሪካው ካርቡራቶር ለዝቅተኛ ቦታ የተቀመጠ ጅክሌር (ቤንዚኑ ተለክቶ የሚያልፍበት ቀዳዳ) ነበረው፤ አየሩ በሳሳበት ከፍታ ቤንዚኑ ይበዛል፤ ካንዴላዎቹ ጥቁር ጥላሸት ለብሰው የወጡት ለዚህ ነው። አንድ ደረጃ አነስ ያለ ጅክሌር አገባሁ። የሳሳ አየር ቀስ ብሎ ስለሚነድና ለመንኳኳትም ስለማይቸኩል እሳቱን ጥቂት ዲግሪ አስቀደምኩ፤ ይህን ያደረግኩት ግን ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድም እንዳይንኳኳ እዚያው ታች ፈትኜ ነው። ከካርቶኑ የወጣውን ባለ አራት ቱቦ የጭስ ማሰባሰቢያ ገጠምኩ፤ ባዶውን ቧንቧ ጥዬ ከኋላው ጤነኛ ማርሚታ (ድምፅ ማፈኛ) አስበየድኩ። ከኮምቦልቻ ሲመለስ ቀድሞ በሁለተኛ የሚወጣውን ዳገት አሁን በሦስተኛ እንደሚጨርሰው ነገረኝ። ስለ ዌበሮቹ ለጥቂት ቀን አላነሣም።

በነገራችን ላይ ኮምፕሬሲዮን ሲለካ የሚደነግጥ መካኒክ አይቻለሁ። መጽሐፉ ላይ ያለው ቁጥር ለባሕር ጠረፍ ነው። ደሴ ላይ ሞተሩ ጤነኛ ሆኖም መለኪያው ዝቅ ይላል፤ የሚታየው አራቱ ሲሊንደሮች እርስ በርሳቸው መቀራረባቸው ነው። የእርሷ ተቀራርበዋል።

ኅዳር፣ እግርና ወገብ

የቀለለው ቮላኖ ነዳጅ ሲነካ ሞተሩን ፈጣን ያደርገዋል፤ ግን ዳገት ላይ ቆሞ መነሣት ሲመጣ በውስጡ የተጠራቀመ ጉልበት ስለሌለው ሞተሩ ይጠፋል። ሴራሚክ ፍሪሲዮን ደግሞ ወይ ይዟል ወይ አልያዘም፤ መሃል የለውም። በደሴ ዳገቶች ላይ፣ ከኋላህ ባጃጅ ተጠግቶ ሲቆም፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማሰብ አልፈልግም። ልጁ የፋብሪካውን ቮላኖ ቶርኖ ላይ ቀጠን እናድርገው አለ፤ እምቢ አልኩ። ይህ አሮጌ ብረት በከፍተኛ ዙር ሲፈነዳ የሚያልፈው በሹፌሩ እግር አጠገብ ነው።

አጫጭሮቹን ሞላዎች ለማሳየት ያህል ኋላ ላይ አስገባኋቸው። መኪናዋን በክሪክ አንሥቼ ጎማው ሲንጠለጠል ሞላው ከመቀመጫው ለቀቀ፤ ልጁ በሁለት ጣት አሽከረከረው። «ጉድጓድ ስትዘል እንዲህ ነው የሚሆነው፤ ሲመለስ ቦታውን ይስታል» አልኩት። ከዚህ በላይ ክርክር አላስፈለገም። የፋብሪካው ሞላ ተመለሰ፣ አራት አዲስ አሞርዛተር ተገዛ። የመኪናዋን ጠባይ በእርግጥ የለወጠው ይህ ነው እላለሁ፤ የማይወራለት ዕቃ።

የብረት ኩሽኔታዎቹን ግን ፊት ላይ እንዲሞክራቸው ፈቀድኩለት፤ እኔም ማየት እፈልግ ነበር። መጀመሪያ መሪው ቢላ ሆነ። ልጁ ቤተሰቡን ለመጠየቅ ወደ ገጠር በኮረኮንች ደርሶ ሲመለስ ግን ከሥር መንኳኳት ይዞ መጣ። ፈታሁት። የላስቲክ መሸፈኛ ስለሌላቸው አቧራው ከዘይት ጋር ተለውሶ ሉሉንና ቤቱን ሲሞርድ ከርሟል፤ በሌቨር ስገፋው የሚታይ ክፍተት አለ። ውድድር ላይ ከሁለት ቀን በኋላ ይታያል፣ ይቀየራል። የላስቲክ ቡኮላ ለስላሳ ነው፣ ግን ያለ ጠባቂ ዓመታት ይሄዳል። ተመለሰ።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ ከውድድር ወደ መንገድ የመጣ ጥሩ ነገር ሞልቷል። እኛ ዛሬ እንደ ተራ የምናየው ዲስክ ፍሬን በ1953 እ.ኤ.አ. በፈረንሳዩ የሌ ማን ውድድር ላይ ጃጓር ይዞት አሸንፏል፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ሲትሮዬን በብዛት በተመረተ የመንገድ መኪና ፊት ላይ አስገባው። ነገር ግን የመጣው ሐሳቡ ነው። ለመንገዱ መኪና የሚሆነው ሸራ ለብቻው ተሠራለት።

ኅዳር መጨረሻ፣ ራዲያተርና ኮፓ

ሁለቱንም ያለ ብዙ ነገር ተቀብያለሁ። የኮፓው ግድግዳዎች በጥምዝ ላይ ዘይቱ ከመሳቢያው እንዳይሸሽ ይይዙታል፤ ማንንም አይጎዱም። ከመሬት ያለውን ክፍተት ለካሁ፣ ከድሮው አይወርድም።

ራዲያተሩ ላይ ወንድሙ ንጹሕ ውሃ ብቻ ብሎ ጽፏል። ብዙ የውድድር ሜዳዎች ፀረ በረዶ ፈሳሽን ይከለክላሉ፤ ሲፈስ አስፋልቱን ያንሸራትታልና። እዚህ ያ ደንብ የለብንም፤ ያለን የብረት ብሎክ፣ የአሉሚኒየም ራዲያተርና በመካከላቸው ሁለቱንም የሚበላ ውሃ ነው። ዝገት መከላከያ ያለው ፈሳሽ ከተጣራ ውሃ ጋር ቀላቅዬ ሞላሁ። ክዳኑም አዲስ ሆነ፤ ደሴ ላይ ውሃ ያለ ግፊት 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ የላላ ክዳን እዚህ ከታች አገር ይልቅ ቶሎ ያጋልጣል። ቴርሞስታቱን አውጥተን እንጣለው ያለውን ረዳቴን አልሰማሁትም፤ ሐረጎን ወርዶ የሚመጣ ሞተር ከመጋሉ በፊት መብረዱ ነው የሚያስቸግረው።

ታኅሣሥ፣ ቦሎ

ዓመታዊ ምርመራው ደርሶ ነበር፤ ሄድን። ፍሬኑ ሮለሩ ላይ ግራና ቀኙ ተቀራርቦ ወጣ። ልጁ በጆሮዬ «በውድድሩ ሸራ ቢሆንስ?» አለኝ። ሮለሩ የሚለካው ቀዝቃዛ ፍሬን ነው አልኩት፤ ሳቀ። ድምፁም፣ ጭሱም አለፈ። ሐጂ ፈልገው መኪናዋን ዞረው አዩና ጥሩምባዎቹ የት ሄዱ ብለው ጠየቁ፤ ደስ ብለዋቸው ነበር መሰለኝ።

የሚቀረው፦ የጭስ ማሰባሰቢያውን ብሎኖች ከጥቂት ሙቀትና ቅዝቃዜ በኋላ እንደገና ማጥበቅ፤ የሽቦ ቱቦዎቹን ማቀፊያ ከክረምቱ በፊት ማየት፤ የእጅ ፍሬኑ ገመድ አንድ ጥርስ ላልቷል፣ ልጁ ሲመጣ ይጠብቃል። የሥራው ክፍያ ግማሹ ደርሶኛል። ግማሹን ዌበሮቹ ሲሸጡ እከፍላለሁ ብሏል፤ አዲስ አበባ ገዢ ተገኝቷል ይላል፣ እኔ ግን አሁንም ሲወለውላቸው ነው የማየው።